ስለ ንብና ስለ ዱር አበባ
(በዘመነ ጽጌ በራዲዮ የተሰጠ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፥ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ያለውን ወራት ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማ፥ እመቤታችን ከሕፃን ልጅዋ ጋራ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ታስብበታለች። ካህናቱም በማኅሌተ ጽጌ ቆመው ሲያመሰግኑ ያድራሉ። እኛ በቅኔ ማኅሌት አበባን ስናነሣ፥ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን አበባ ምን እንዳደረግነው ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናልና የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው፥ ከ2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ግድም ሲደርስ፥ በአጭር መንገድ ደጋውንም ወይና ደጋውንም ያያል። ለንብ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ የአንዱ ቦታ አበባ ሲረግፍ የሌላው ይፈነዳልና። በመስከረም አደይና መጭ ሜዳውን ቢጫ ያለብሱታል፤ ኑጉ ይከተላል፤ ግራዋው፥ ዋንዛው፥ ብሳናውና ግራሩም በየወራታቸው ይደርሳሉ። የበልግ ዝናም በደኅና የጣለ እንደ ሆነ በግንቦት ሁለተኛ ማር ይቆረጣል። አባቶቻችን የማርን ወራት በአበባ ይቆጥሩ የነበረው ስለዚህ ነው።

አሁን ግን ይህ ማዕድ እየጠበበ ሄዷል። ግጦሹ ታርሷል። ተዳፋቱን ባሕር ዛፍ ይዞታል፤ በእርግጥ ባሕር ዛፍም አበባ አለው፥ ንብም ትቀስመዋለች፥ ነገር ግን ከሥሩ ሌላ አበባ እንደ ልብ አያበቅልም። በኮምቦልቻ ዙሪያ በመንገድ ዳርና በግጦሽ ላይ ቅንጨ አረም የሚባለው ከአሜሪካ ምድር የመነጨ ተክል ሣሩን እያፈነ ይስፋፋል። ከዚህም ሁሉ ይልቅ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው መድኃኒት፥ ሰብሉን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ሁሉ ስለሚያደርቅ፥ ገበሬው አረም የሚለውን የንብን ቀሰም አብሮ ይወስደዋል። ገበሬውን አንወቅስም፤ ጎንበስ ብሎ ከነልጆቹ በእጁ ሲያርም የኖረ ሰው ድካሙን የሚያቀልለት ነገር ቢያገኝ ማን ይፈርድበታል?

ነገሩን በሌላ ሰው ላይ አድርገን እንዳንናገር፥ በራሳችን የደረሰውን እንመስክር። በምናገለግልበት በአንዲት የገጠር ደብር፥ በየዓመቱ በኅዳር ወር ሰም የሚያመጡልን አንዲት እናት አሉ። ሰሙን ራሳቸው አንጥረው፥ ፈትሉን ራሳቸው ፈትለው፥ ጧፉን በሻሽ ጠቅልለው ያቀርቡ ነበር። ካቻምና ግን ከሱቅ የተገዛ ሻማ ይዘው መጡና እያፈሩ ሰጡን። ምነው ብንላቸው፥ «አባቶቼ፥ ንቡ ጥሎኝ ሄደ፤ ቀፎው ባዶ ነው» አሉ።

የሀገራችን ንብ ቀሰም ያጠራት እንደ ሆነ በቀፎዋ ተቀምጣ ሞትን አትጠብቅም፤ ያላትን ማር ጨርሳ ከነመንጋዋ ትሰደዳለች። ከምን የተነሣ እንደ ተሰደደች ስንጠይቅ መልሱ ወደ እኛው ተመለሰ። የደብሩ ቅጥር ግቢ ለበዓል ንጹሕ ይምሰል ብለን፥ በነሐሴ መጨረሻ የአረም ማጥፊያ ያስረጨነው እኛ ነበርንና። አደዩም መጩም ማገጡም ሳያብብ ደረቀ። በዙሪያው ያለው ማሳ ቀድሞ ስለ ተረጨ፥ ለዚያች ንብ የቀረላት የደብሩ ሣር ብቻ ነበረ። እኛ ይህን ልብ አላልንም ነበር።

የንብ ጉዳይ የማርና የሰም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጤፍና ገብስ ያለ ንብ ያፈራሉ፤ ኑግ ግን ከሌላ ኑግ የአበባ ዱቄት የሚያመጣለት ካላገኘ ፍሬው ይመነምናል፤ ባቄላም በንብ ይጠቀማል። እንግዲህ የጾም ወጣችን ዘይትም ከዚህች ትንሽ ፍጥረት ጋራ የተያያዘ ነው።

በእንግሊዝ ሀገር ትልቅና ጠጉራም የሆነ፥ ከሰሐራ በታች በተፈጥሮው የማይገኝ የንብ ወገን አለ። በዚያ ሀገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ወዲህ፥ ከአበባ መስኩ ከመቶ 97 እጁ ያህል ስለ ጠፋ፥ ከዚሁ ወገን አንዱ በ1988 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። በ2012 ከስዊድን አምጥተው ሊመልሱት ደከሙ። የእኛ አበባ ግን ገና ዘሩ በምድር ውስጥ አለ፤ የየጎፍ ደንም በሁለቱ ከተሞች መካከል ገና ቆሟል።

በሰባ ሊቃናት ትርጉም በመጽሐፈ ምሳሌ፥ ታካቹ ሰው ከጉንዳን ቀጥሎ ወደ ንብ እንዲሄድና እንዲማር ይመከራል። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ በምዕራፍ 22፥ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እናቲቱን እንዲለቅ ያዝዛል። ይህ ሕግ ለማር ቆራጭም ይሠራል። ማሩን ጠርጎ የሚቆርጥ፥ ለሳል መድኃኒት ብሎ ጣዝማን ከምድር ቆፍሮ ቤቷን የሚያፈርስ፥ እናቲቱን ከጫጩቶቹ ጋራ ወስዷል። የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰውም፥ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ሲመሽ ይርጭ፤ ባለ ቀፎ ጎረቤቱንም አስቀድሞ ይንገረው። በወሎ ምድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ስለሚኖር፥ ንቢቱ የማን ማሳ እንደ ሆነ ሳትለይ ትቀስማለችና፥ ይህን ነገር አብረን ብንነጋገርበት መልካም ነው።

እኛም በደብራችን ሰበካ ጉባኤ ተሰብስበን፥ የመቃብሩ ወገን ሣር የቁስቋም በዓል ኅዳር 6 ቀን እስኪያልፍ ድረስ እንዳይታጨድ፥ በግቢውም መድኃኒት እንዳይረጭ ወስነናል። አንዳንድ ምእመናን ግቢው ዳዋ ለበሰ ብለው አጉረመረሙብን። ዘንድሮ አደዩ አብቧል። እኚያ እናትም ባዶውን ቀፎ በሰም አሽተው ከወይራው ላይ ሰቅለውታል፤ እስከ ዛሬ መንጋ አልገባበትም፤ ነገር ግን በየጧቱ ከቅዳሴ ሲወጡ ቀና ብለው ያዩታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።