እንግሊዝኛን ለጀማሪ ስለ ማስተማር የተደረገ ንግግር



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ስለ ልጆቻችን ትምህርት እንድናገር ታዝዣለሁ። የቅኔ ቤት ሰው ስለ እንግሊዝኛ ምን አገባው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን እንግዳ ቋንቋን ለጀማሪ ማስተማር ለጉባኤ ቤት አዲስ ሙያ አይደለም። ግእዝን ከእናቱ አፍ ያልሰማውን ልጅ ተቀብሎ፤ በግእዝ አስቦ በግእዝ እስኪቀኝ ድረስ የሚያደርስ ሥርዐት በእጃችን አለና።

ነገሩም የሚናቅ አይደለም። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ከውጭ ቋንቋ ሁሉ የበረታው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ወሰደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻቸው እንዲማሩ ሲያደርግ፤ የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን አጸና። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ እንግሊዝኛው ከደከመ የሚያጣው አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ታሪኩም አብረው ይዘጉበታል። አእምሮ ሳያንሰው ቋንቋ አንሶት ሰነፍ ይባላል።

እንግዲህ ጀማሪውን የሚያሰናክሉትን እንመርምር።

መጀመሪያው ፊደል ነው። የእኛ ፊደል 33 ሲሆን በ7 ተባዝቶ 231 ይሆናል፤ ስሙም ድምፁም አንድ ነው። የእንግሊዝኛው 26 ብቻ ነው፤ ሆኖም ስሙ ሌላ፤ ድምፁ ሌላ ነው። «ደብልዩ» የሚባለው «ው» ይላል፤ «ሲ» የሚባለውም አንድ ጊዜ እንደ «ክ»፤ አንድ ጊዜ እንደ «ስ» ይነበባል። ስለዚህ የፊደሉን ስም በዜማ የሚያወርድ ልጅ ሁሉ ማንበብ ችሏል ማለት አይደለም። አስቀድሞ ቃሉን በጆሮው ይስማ፤ ቀጥሎ በአፉ ይበለው፤ ከዚያ በኋላ መልኩን በዓይኑ ይየው፤ በመጨረሻ ይጻፈው።

ሁለተኛው የቃል ስፍራ ነው። በአማርኛ «ውሻው ልጁን ነከሰው» ብንል ወይም «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንል፤ ተነካሹ በ«ን» ስለሚታወቅ ምሥጢሩ አይፋለስም። በግእዝም «ሰትየ ወልድ ማየ» ሲባል የሚጠጣው ነገር «ማየ» በሚለው አወዳደቅ ይለያል። እንግሊዝኛ ግን ለስም እንዲህ ያለ ምልክት የለውም፤ አድራጊው ይቀድማል፤ ግሱ ይከተላል፤ ተደራጊው ኋላ ይመጣል። ስፍራቸው ቢለዋወጥ ልጁ ውሻውን ነካሽ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለጀማሪው በአማርኛ ቢያስረዱት ነውር የለበትም፤ የቅኔ መምህርም የግእዙን አገባብ የሚያስረዳው በአማርኛ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ዝምታ ነው። ብዙ ልጅ ከሰሌዳ እየገለበጠ ዓመታት ይቈያል፤ ከራሱ አንቅቶ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳይናገር ክፍሉን ይጨርሳል። ቅኔ ቤት ግን እንዲህ አያደርግም። አዲስ ተማሪ ግስ ያጠናል፤ ወዲያውም ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ ከመምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩ ያቃናለታል፤ በማግሥቱ ሌላ ይቈጥራል። በመጀመሪያው ወራት መወድስ አምጣ የሚለው የለም። የሰው ቅኔ ማጥናት ብቻ ባለ ቅኔ እንደማያደርግ ሁሉ፤ የሰው እንግሊዝኛ መገልበጥም ተናጋሪ አያደርግም።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ ጀማሪም በየቀኑ የራሱን ጉባኤ ቃና ያቅርብ እላለሁ። ይኸውም ባወቃቸው ጥቂት ቃላት፤ ስለ ቤቱ፤ ስለ በሬው፤ ስለ እናቱ፤ ማንም ያልጻፈለትን አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። መምህሩ አንዱን ግድፈት መርጦ ያቅና፤ ሁሉን በአንድ ቀን አይንቀስ። ባልንጀሮቹም አይሣቁበት፤ ሲሳሳት የተሣቀበት ልጅ የሚማረው ዝም ማለትን ነውና።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በጉባኤ ቤት ነባሩ ተማሪ አዲሱን እንደሚያስጠና፤ ከአጥቢያችን ወጣቶች ሁለተኛ ደረጃ የፈጸመ እያንዳንዱ አንድ ጀማሪ ቢይዝና በቀን ጥቂት ሰዓት ቢያዳምጠው ይበቃል። ወላጆችም «ስንት ገጽ ጻፍህ?» ማለቱን ትታችሁ፤ «ዛሬ ከራስህ ምን አልህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ያላትን ቃል ባትረዱት እንኳ፤ አፉን መፍታቱን ትሰማላችሁ።

እግዚአብሔር ለሕፃናቱ ልቡና፤ ለመምህራኑ ትዕግሥት ይስጥልን።