ሶሻል ወርክ ለመማር የሚያስቡ ልጆቻችን አስቀድመው ምን ሊማሩ ይገባል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ አባት ሴት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኛ መጡ። ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ የምትጠብቅ ናት። ሶሻል ወርክ መማር እፈልጋለሁ ብላለች። አባትየው «ሸይኽ፣ ሚስኪን ለመርዳት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል እንዴ? ሶደቃ መስጠትን ከእናቷ አልተማረችም?» አሉን። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «አባዬ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ሒሳቡ ነው» አለች። ያን ዕለት ለሁለቱም አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። ጉዳዩ የብዙ ቤተሰብ ነውና ዛሬ እንመለስበት።

በመጀመሪያ ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተጀመረ። የመጀመሪያ ዲግሪውም ከዚያ በኋላ ተከተለ፤ ጎንደርን በመሳሰሉ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል።

አንድ ተማሪ ግን በቀጥታ ሶሻል ወርክ ክፍል አይገባም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጠቅላላ ሥነ ልቦና፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ኢንክሉሲቭነስ የሚባለውን የአካታችነት ትምህርትና ሌሎችንም ይወስዳል። የትምህርት ክፍል ድልድሉ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዝርዝሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም ምርጫው፣ ውጤቱና ያለው ቦታ ይታያል። እንግዲህ «ይህ የጋራ ኮርስ ነው፣ ዋናው ክፍሌ ስገባ አጠናለሁ» የሚል ልጅ ያንን ዋና ክፍል ሳያገኘው ሊቀር ይችላል።

እኛም በልጅነታችን እንዲህ እናስብ ነበር። ፊቅህ ስንቀራ ኪታቡ የሚጀምረው በጦሃራ ነው። ሰላት ሳይደርስ ስለ ውሃ ዓይነት ስንቀራ እንሰለች ነበር። ኡስታዛችን ግን አንዱን ምዕራፍ አዘልለው አያውቁም። ዉዱእ የሌለው ሰው ሰላት ላይ ቢቆም ምን እንዳጣ የሚገባን ቆይቶ ነው። (ተየሙም የሚፈቀድለት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ስንፍና ግን ተየሙም አያስፈቅድም።)

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንምጣ። ከዓመታት በፊት በአንድ መስጂድ የዘካ ኮሚቴ ውስጥ ሠርተን ነበር። ስም ዝርዝሩን የጻፍነው ከበር ላይ ቆመን፣ የመጣውን ሰው እየጠየቅን ነው። ረመዷን ካለፈ በኋላ ስናጣራ አንድ ቤተሰብ በባልና በሚስት ስም ሁለት ጊዜ ወስዷል። ከመስጂዱ ጀርባ የምትኖር፣ አራት የቲሞች የምታሳድግ እህት ደግሞ ምንም አልደረሳትም። ለምን አልመጣሽም ስንላት «ሰው ፊት መቆም አፍሬ» አለች። ገንዘቡ ነበር፤ ኒያውም ነበር። ቤት ለቤት ሄዶ፣ ክብሯን ጠብቆ፣ የሚጠየቀውን ጠይቆ የሚመዘግብ ሰው ግን አልነበረንም። ይህን ጉድለት ዛሬም ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸው 8 ክፍሎች ሲዘረዘሩ፣ ከድሆችና ከሚስኪኖች ቀጥለው የተጠቀሱት በዘካው ላይ የሚሠሩት ናቸው። ሥራው በራሱ ዕውቀትና ድካም ያለበት ባይሆን ኖሮ ሠራተኛው ድርሻ አይመደብለትም ነበር ብለን እናስባለን።

የመጀመሪያው ዓመት ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። አባቱ የሞተበት ልጅ ለምን ዝም እንደሚል፣ ለምን ክፍል ውስጥ እንደሚደባደብ ለማወቅ ሥነ ልቦና በር ይከፍታል። አንትሮፖሎጂው ስለ ዝምድናና ጋብቻ ያስተምራል፤ ሸክላ በመሥራታቸው ወይም ቆዳ በመፋቃቸው የተገለሉ ወገኖቻችንንም ያነሳል። በዚህ ትምህርት ስለ ሰው አፈጣጠር ከእምነታችን ጋር የማይስማማ ሐሳብ የሚያጋጥማቸው ልጆች አሉ። ከክፍል አትሽሹ፣ የተባለውን ዕወቁ፣ የከበዳችሁን ዑለማ ጠይቁ እንላቸዋለን። አካታችነትን በተመለከተ ደግሞ ዐይነ ስውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን እንደነበሩ ሁላችን እናውቃለን፤ በዊልቸር የሚሄድ ወንድማችን ግን ዛሬ በስንቱ መስጂዳችን ደረጃ ላይ ይቀራል?

ሒሳብን ለምትፈሪው ልጃችን የምንለው ይህ ነው። የውርስ ዒልም ከግማሽ እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ ክፍልፋይ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ የአልጀብራ ኪታቡን ሲያዘጋጅ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለዚሁ ለውርስና ለኑዛዜ ስሌት ነው። መድረሳ ውስጥ ፈራኢድ የቀራች ልጅ ከሒሳብ ጋር ትውውቅ አላት። ሶሻል ወርክ ክፍል ስትገቢም ጥናትና ስታቲስቲክስ ይጠብቅሻልና አሁን ብትለማመጂው ይሻላል።

ወላጆችም የራሳችን ድርሻ አለን። ወንዱ ሲያጠና ዝም እንላለን፤ ሴቷ ደብተር ስትይዝ ግን «ቡናውን አፍዪ» እንላለን። ልጅቷ እንግሊዝኛና ሒሳብ ከደከመች ሰበቡን ከዚያም እንፈልገው። ደግሞም ሶሻል ወርክን ሌላ ያጣ ልጅ የሚወድቅበት አድርገን አንናገር። በሽምግልና የምንጠራበት ቤት ሁሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሱስ የያዘው ወጣት ሲወጣ ሲገባ፣ ከዐረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች እህት ከሰው ስትሸሽ፣ ዱዓና ምክር ሰጥተን ከዚያ በኋላ ወደ ማን እንላካቸው ብለን ተቸግረናል። በተለይ ሴቶች ለእኛ የማይነግሩን ብዙ ነገር አለ።

አባትየው በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ስለ ሶደቃው ክርክር አላነሱም። ጥሪው እስኪመጣ ድረስ ሒሳብ የምታስጠና እህት እናውቅ እንደሆነ ጠየቁን። አገናኘናቸው፤ ትምህርቱም ከመግሪብ በፊት በመድረሳው ክፍል ተጀምሯል።