ስሙ ያው፣ ባለቤቱ ሌላ፦ በቀጠሮ የሚታደስ ፋይል የማን ነው?



አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት ተመራማሪ የዘንገና ሐይቅን የውኃ ከፍታ የመዘገበችበትን ፋይል በጋራ ሰርቨር ላይ አኑራለች። ክሮን የተባለው ቀጠሮ አስፈጻሚም በየሌሊቱ አዲስ መረጃ ይጭናል። አንድ ጠዋት ስሕተት ልታርም ስትል ሥርዓቱ ይከለክላታል። የፋይሉ ስም ያው ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ሆኗል።

በዩኒክስና በሊኑክስ ባለቤትነት የሚጻፈው በስሙ ላይ ሳይሆን አይኖድ በሚባለው የፋይሉ መዝገብ ላይ ነው። ጫኙ ፕሮግራም ነባሩን ፋይል ከፍቶ ይዘቱን ብቻ ቢለውጥ፣ ውኃው ታድሶ ጎድጓዳው እንደማይለወጥ ሐይቅ፣ ባለቤቱ ያው ነው። አዲስ ፋይል ጽፎ በአሮጌው ስም ቢተካው ግን መዝገቡም አዲስ ነው፤ ባለቤቱም ሥራውን ያስኬደው ተጠቃሚ፣ አንዳንዴም ሩት የሚባለው የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ይሆናል። ለመተካት የሚያስፈልገው ፈቃድም በፋይሉ ላይ ሳይሆን ፋይሉ ባለበት ፎልደር ላይ ነው።

መተካትን እንተው ማለቴ አይደለም፤ አንባቢ በከፊል የተጻፈ ፋይል እንዳያገኝ ይጠብቃልና። ይልቁን ሥራው በሩት ሳይሆን ለእርሱ ብቻ በተከፈተ አካውንት ይካሄድ። ፎልደሩ ለተመራማሪዎቹ ቡድን ይሰጥ፤ በውስጡ የሚፈጠሩ ፋይሎች ቡድኑን እንዲወርሱ ሴትጂአይዲ ይደረግበት። የቡድኑ የመጻፍ ፈቃድም በዩማስክ ይጠበቅ። ጊዜያዊው ፋይል ሌላ ቦታ ተፈጥሮ ከተዛወረ ግን ውርሱ እንደማይሠራ ልብ በሉ።

በመጨረሻም፣ በኮምፒውተር ባለቤትነት ፈቃድ እንጂ የድካም ምስክር አይደለም። መረጃውን ማን እንደሰበሰበ በመረጃው ውስጥ ይጻፍ።