ምች፣ ማድያት፣ ቁርጥማት፦ በደጋው ሴቶች ላይ የሉፐስ የመጀመሪያ ምልክቶች



ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚከሠት በሽታ ነው። ከ10 አዋቂ ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ በሽታውን የሚሰውረው እያንዳንዱ ምልክት አስቀድሞ ሌላ ስም ያለው መሆኑ ነው።

አንዲት የበግ ጠጉር ፈታይ አስታውሳለሁ። ፀሐይ ላይ በዋለች ማግስት ፊቷ ሲቆጣና ስታተኩስ ምች ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት። ጉንጯ ሲጠቁር ማድያት፣ ጣቶቿ ሲያብጡ ቁርጥማት፣ በውርጭ ሲነጡ ብርድ ተባለ። ድካሟማ ስም እንኳ አላገኘም፤ የሥራ ነው ተብሎ ታለፈ። እኔም ብሆን በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ጣቶቿን ብቻ ነው።

በእነዚህ ስሞች አልሳለቅም፤ ብዙውን ጊዜ ትክክል ናቸውና። ልዩነቱ ግን ይታወቃል። ማድያት ቀስ ብሎ ይመጣል፤ አያብጥም፣ አያቃጥልም። የሉፐስ ሽፍታ ከፀሐይ በኋላ በቀናት ውስጥ ይወጣል፤ ጉንጭንና የአፍንጫን ድልድይ ይዞ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደውን እጥፋት ይተዋል። መጻሕፍት «ቀይ» የሚሉት በእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል። የሥራ ሕመም ሲያርፉ ይቀላል፤ የሉፐሱ ግን ጠዋት ይብሳል። ያቺ ሴት ረፋድ ሳይሆን እንዝርት ማሾር አትችልም ነበር። የላንቃ ቁስል ብዙ ጊዜ ስለማያም ታማሚዋ አትነግረንም፤ አፏን አስከፍተን ማየት አለብን። የጠጉር መርገፍንና የተደጋገመ ውርጃንም እንጠይቅ።

ደጋው ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል። ነገር ግን ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎጂው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጓሳ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው።

ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ኔጌቲቭ ከሆነ ሉፐስ የመሆን ዕድሉ እጅግ ያንሳል፤ ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ግን በሽታውን አያረጋግጥም። እስከዚያው የደም ግፊትና የሽንት ምርመራ አይዘግይ። ሉፐስ ኩላሊትን ሲያጠቃ ሕመም ላይኖረው ይችላል፤ ሽንት አረፋ ሲያበዛ፣ የዓይን ቆብ ጠዋት ሲያብጥ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። በዚያች ፈታይ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ስናገኝ እግሯ ገና አላበጠም ነበር።