ጆን ማኪና የአስታማሚዋ ደብዳቤ



በዚህ ንግግራችን ስለ አንድ አሜሪካዊ ስፖርተኛ እናወሳለን። ስሙ ጆን ማኪ ይባላል። «የእርዳታ ሥራ የያዝን ሰዎች ስለ ኳስ ተጫዋች መስማት ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ብንከታተል በየቤቱ ስንዞር የምናየውን ነገር እናገኝበታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ጨዋታውን እናስረዳ። አሜሪካውያን ፉትቦል የሚሉት እኛ ከምናውቀው የእግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይወረወራል ወይም ተይዞ ይሮጣል። ተቃራኒው ቡድን ደግሞ ኳስ የያዘውን ሰው በጉልበት ይዞ መሬት ላይ ይጥለዋል። ማኪ የሚሰለፍበት ቦታ «ታይት ኤንድ» ይባላል። በዚህ ቦታ ያለ ተጫዋች ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ኳስ ተቀብሎ መሮጥ ነው፤ ይህን ሕዝቡ አይቶ ያጨበጭብለታል። ሁለተኛው ኳስ የያዘው ጓደኛው እንዲያልፍ ተቃዋሚውን በትከሻው እየገፋ መንገድ መክፈት ነው፤ ይህን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ማኪ በ1941 ተወለደ። አባቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በ1963 ባልቲሞር ኮልትስ ወደሚባለው ቡድን ገባ። መለያ ቁጥሩ 88 ነበር። በአሥር የውድድር ዘመን 331 ኳሶችን ተቀብሎ 5,236 ያርድ አስገኘ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የቀረበት ጨዋታ አንድ ብቻ ነው። ግዙፍ ሆኖ ሳለ ፈጣን ስለ ነበር፣ የታይት ኤንድ ሥራ መግፋት ብቻ ነው ይሉ የነበሩትን ሐሳባቸውን አስለወጣቸው። በጥር 1971 በተደረገው አምስተኛው ሱፐር ቦውል ሌሎች እጆች ነክተው ያለፉትን ኳስ ይዞ እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠ፤ ያ ጨዋታ 75 ያርድ የሸፈነ ነበር። ቡድኑም ዳላስን 16 ለ13 አሸነፈ።

ይህ ሕዝብ ያየው ሥራው ነው። ያልታየው ደግሞ ሌላ ነበር። በ1970 ሁለቱ የፉትቦል ሊጎች ሲዋሐዱ ተጫዋቾች ማኪን የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡት። በዚያው ዓመት ሥራ የማቆም አድማ ተደርጎ የተጫዋቾች ጡረታ እንዲሻሻል ሆነ። በ1972 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በሊጉ ላይ ክስ መሠረተ። በዚያን ጊዜ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ወደ ሌላ ቡድን ቢሄድ፣ የተቀበለው ቡድን ለቀድሞው ካሣ መክፈል ነበረበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ካሣውን የሚወስነው የሊጉ ኮሚሽነር ነበር። ይህን በመፍራት ተጫዋች የሚወስድ ቡድን እምብዛም አልነበረም። ሰውዬው በወረቀት ነፃ ነው፤ በተግባር ግን የታሰረ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1976 ይህ ደንብ ሕግን ይጥሳል ሲል ፈረደ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ፍርዱ ሲሰጥ ማኪ መጫወት ካቆመ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር። የተከፈተው መንገድ ለእርሱ ሳይሆን ከኋላው ለመጡት ሆነ። ወደ ታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ የገባውም እስከ 1992 ቆይቶ ነው። የዘገየው በማኅበሩ ሥራ ምክንያት ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ነው ታሪኩ ወደ እኛ የሚቀርበው። ማኪ ገና ሳያረጅ አእምሮው ይደክም ጀመር። ሐኪሞች ያገኙበት በሽታ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል እያመነመነ የሰውን ጠባይ፣ ንግግርና ማስተዋል የሚወስድ ነው። አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ የሽልማት ቀለበቶቹን አውልቅ ቢሉት እምቢ ብሎ ከጠባቂዎች ጋር ተጋጨ። እንዲያ ያለ ሰው እንግዲህ ምን እንደ ተጠየቀ አልገባውም ነበር።

ባለቤቱ ሲልቪያ በዩኒቨርሲቲ ያገኘችው የወጣትነት ጓደኛዋ ነበረች። የባሏ ጡረታ ለማስታመሚያው አልበቃ ስላለ፣ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ሆና ተቀጠረች። ሌሊት ታስታምማለች፤ ቀን እንጀራ ትፈልጋለች። ሊጉ በሽታው ከጨዋታው ለመምጣቱ ማስረጃ የለም ባይ ስለ ነበር፣ የአካል ጉዳት ካሣ አልተከፈላትም። በ2006 ግን ለሊጉ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፈች። በሽታው ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚውንም እንደሚገድል በግልጥ ነገረቻቸው።

ደብዳቤው ፍሬ አፈራ። በ2007 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በጋራ አንድ ዕቅድ አወጡ። አእምሯቸው ለደከመ የቀድሞ ተጫዋቾች በመንከባከቢያ ተቋም ለሚኖሩት በዓመት እስከ 88,000 ዶላር፣ በቤታቸው ለሚታመሙት እስከ 50,000 ዶላር እንዲከፈል ሆነ። በማኪ መለያ ቁጥርም «ዕቅድ 88» ብለው ሰየሙት። ብዙ ሚስቶች ብቻቸውን ተሸክመውት የነበረው ችግር የዚያን ጊዜ ታወቀ። ማኪ በሐምሌ 2011 በ69 ዓመቱ ዐረፈ። ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ተደጋግሞ ከሚደርስ የራስ ምት ጋር የተያያዘ በሽታ ምልክት ተገኘበት።

ወንድሞችና እኅቶች፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባላል። ማኪ ይህን አውቆ ጓደኞቹን አሰባሰበ። እርሱ መናገር ሲያቅተው ደግሞ ሚስቱ መንገዱን ከፈተች፤ ያገኘችውም እርዳታ ለእርሷ ቤት ብቻ አልቀረም።

እኛስ? ወደ አንድ ሕመምተኛ ቤት ስንገባ ዐይናችን የሚያርፈው አልጋው ላይ ነው። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ምግቡ እንጠይቃለን፤ በመዝገባችንም እንጽፋለን። በር ላይ ተቀብላ ያስገባችንን፣ ቡና ልታፈላልን የምትነሣውን ሴት ግን «አንቺስ እንቅልፍ አግኝተሻል ወይ? ለአንድ ቀን የሚተካሽ ሰው አለ ወይ?» ብለን የምንጠይቃት ስንት ጊዜ ነው? በቅጻችን ላይ ለሕመምተኛው መስመር አለ፤ ለአስታማሚው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ያን መስመር እንጨምር። በየጉባኤያችንም አስታማሚን በሳምንት ግማሽ ቀን የሚተኩ ሁለት ሦስት ሰዎች ይመደቡ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሲልቪያ ደብዳቤ እስክትጽፍ ብዙ ዓመት አለፈ። በእኛ መንደር ያለችው ግን ደብዳቤ እስክትጽፍልን መጠበቅ የለብንም፤ ቤቷን እናውቀዋለንና።