ሐኪም ዘንድ ምንም ሳንደብቅ እንሂድ
(በሠፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የማኅበሩ የጤና ኮሚቴ አባላት ዛሬ ስለ ጠቅላላ ሐኪም ጥቂት ልንናገር ተነሥተናል። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙዎቻችንን ገንዘብም ጤናም እያስከፈለን ነው።

ልማዳችንን እናውቀዋለን። ጉልበት ሲያመን አንዱ ስፔሻሊስት ጋ፣ ጨጓራ ሲያቃጥለን ሌላው ጋ እንሮጣለን። «እሱ ጠቅላላ ሐኪም ነው፣ ምን ያውቃል?» ስንባባልም እንሰማለን።

ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ፤ ፈቅደውልን ነው የምንናገረው። የደም ግፊታቸው በመድኃኒት አልወርድ አለ፤ ጨጓራቸውም ያቃጥላቸዋል። ሦስት ቦታ ታክመዋል፤ አንዱ ቦታ የሌላውን ወረቀት አላየም። በመጨረሻ ያገኟቸው ጠቅላላ ሐኪም «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይምጡ» አሏቸው። ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ለጉልበት የታዘዙ ሁለት ማስታገሻዎች ተገኙ፤ አንዱ ዳይክሎፌናክ፣ ሌላው አይቡፕሮፌን። ሁለቱም የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው፤ ጨጓራን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሐኪሙ ሁለቱንም አስተዋቸው።

በዚህም አላበቁም፤ «ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? እንቅልፍስ?» ብለው ጠየቁ። ለካ እኚህ እናት ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት፤ ለአንድ ሰው ምን ይሠራል እያሉም እህል በወጉ አይቀምሱም። እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኛም ጎረቤቶቻቸው አልጠየቅናቸውም።

እንግዲህ የጠቅላላ ሐኪም ሥራ ይኸው ነው፤ ሰውየውን ከነኑሮው ማየት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ በዋለው መተዳደሪያው፣ ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ነው ብሏል። በአገራችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምናን ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት አድርጎ ጀምሯል።

ስፔሻሊስት አያስፈልግም አላልንም፤ ሲያስፈልግ የሚልከን ይኸው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ነገር ግን ወረፋው ብዙ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ ተዘጋጅተን እንሂድ፦

1ኛ/ የምንወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ይዘን እንቅረብ።
2ኛ/ ፆም ወይም ፀበል ካለን አስቀድመን እንናገር፤ የግፊትና የስኳር መድኃኒት በራሳችን ፈቃድ አናቋርጥ።
3ኛ/ ሐዘን፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመጠጥም ነገር ካለ አናፍር።
4ኛ/ በተቻለ መጠን አንድ ቦታ እንታከም፤ ወደ ሌላ ስንላክም የተጻፈልንን መልስ ይዘን እንመለስ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የእኚያ እናት ግፊት ዛሬ ወርዷል። ጠዋት ጠዋትም ጎረቤት ለቡና ይጠራቸዋል፤ ይህ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።