የኀዘን ዜማ ልብን ያደክማልን?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሽ የተደረገ ንግግር



በዚህ በደስታ ቀን ስለ ኀዘን ልናገር መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ዳሩ ግን የምናገረው ስለ መጽናናትም ጭምር ስለ ሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በነበርሁበት ዓመት ያሳደገችኝ አያቴ ዐረፈች። ድንኳኑ ተተክሎ ሳለ ቤታችን ሰው አልጐደለበትም፤ ጎረቤቱም፣ ዕድርተኛውም፣ ዘመዱም እየመጣ አብሮን ተቀመጠ። ድንኳኑ ተነቅሎ ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ ግን ኀዘኑ ለእኔ ብቻ የቀረ መሰለኝ። ምግብ አስጠላኝ፤ በክፍል ውስጥም ስጠየቅ መልስ አልነበረኝም። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ ብዙ ዘመን ኖሮ የተመለሰው አጎቴ አንድ አሮጌ ሲዲ ሰጠኝና «ቀስ ብለህ ስማው» አለኝ። እናቴም ከደጅ ሆና ዜማውን በሰማች ጊዜ «በኀዘኑ ላይ ኀዘን ለምን ትጨምርበታለህ?» ብላ አጎቴን ተቈጣችው። ዛሬ መልስ ልሰጥበት የምፈልገው ይህ የእናቴ ጥያቄ ነው።

አልበሙ «አውቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል» ይባላል፤ የወጣውም እ. ኤ. አ. በ1992 ነው። የሠሩት አር. ኢ. ኤም. የተባሉ አራት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ማይክል ስታይፕ፣ ፒተር በክ፣ ማይክ ሚልስና ቢል ቤሪ ናቸው። ጓዳቸውን የመሠረቱት በ1980 ከአትላንታ ብዙ በማትርቀው አቴንስ በተባለችው የጆርጂያ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነበር። የአልበሙም ስም የተገኘው በዚያችው ከተማ ከነበረ ከአንድ ተራ ምግብ ቤት መፈክር ነው። በዓለም የታወቁ ሰዎች ለሥራቸው ስም ሲፈልጉ ሩቅ አለመሄዳቸው፣ ምሳ ከሚበሉበት ቤት መውሰዳቸው ደስ ይለኛል።

ሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጩኸት ነው። እነርሱም ራሳቸው መጀመሪያ ያሰቡት ኀይለኛ የሮክ አልበም ለመሥራት ነበር፤ የወጣላቸው ግን ዝግ ያለና የተከዘ ሥራ ሆነ። ከአሥራ ሁለቱ ዘፈኖች ብዙዎቹ ስለ ሞት፣ ስለ ማጣትና ስለ ዕድሜ ማለፍ የሚናገሩ ናቸው። በአንደኛው ሞቱን የሚጠብቅ አረጋዊ ሰው ይናገራል፤ በሌላው ወላጆቻቸውን የቀበሩ ልጆች ይታሰባሉ። «ማን ኦን ዘ ሙን» የተባለውም በ1984 በሳንባ ካንሰር ገና በ35 ዓመቱ ያረፈውን ቀልደኛ አንዲ ካውፍማንን ያስታውሳል። የአልበሙ ሠሪዎች ግን በዚያን ጊዜ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

እኔን ያነሣኝ «ኤቭሪባዲ ኸርትስ» የተባለው ዘፈን ነው፤ ስሙም ሕመም የማያገኘው ሰው የለም እንደ ማለት ነው። አብዛኛውን የደረሰው ከበሮ መቺው ቢል ቤሪ ሲሆን፣ በዘፈኑ ውስጥ የሚሰማው ምት ግን በብዛት የመኪና ከበሮ ነው። ዜማው የሚጀምረው የጊታሩ ገመድ አንድ በአንድ እየተነካ ነው። ቆይቶ የቫዮሊኑ ጓድ ይገባል፤ ይህንንም ያቀናበረው የሌድ ዜፕሊን ባልደረባ የነበረው ጆን ፖል ጆንስ ነው። ብቻውን የጀመረው ድምፅ በመጨረሻ በብዙ ድምፆች ተከብቦ ይገኛል። ይህን ባስተዋልሁ ጊዜ ድንኳኑ ትዝ አለኝ። የኛ ሰዎች ለቀስተኛውን «አታልቅስ» ብለው አይጀምሩም፤ መጀመሪያ አብረውት ያለቅሳሉ፤ ከዚያ በኋላ «በቃ» ይሉታል። ዘፈኑም ከእኔ ጋር ያደረገው ይህንኑ ነው። ግጥሙም ቃላቱ እጅግ ግልጽ ስለሆኑ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ የሆነ እኔ እንኳ ያለ መዝገበ ቃላት ተረዳሁት። በ2010 በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜም፣ ብዙ ዘፋኞች ተሰብስበው ለተጐዱት ርዳታ ማሰባሰቢያ ይህንኑ ዘፈን ዘፍነውታል።

አልበሙ እንከን የለበትም አልልም። በመካከሉ ስለ ፖለቲካ በቍጣ የሚናገር አንድ ዘፈን አለ፤ ከሌሎቹ ጋር ስላልገጠመልኝ ብዙ ጊዜ አልፈዋለሁ።

አንድ ቀን ማታ እናቴ ቡና ስታፈላ «ናይትስዊሚንግ» የተባለው ዘፈን ይሰማ ነበር። ከበሮ የለበትም፤ የማይክ ሚልስ ፒያኖ እየተመላለሰ ሲሄድ፣ ዘፋኙ በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የዋኘበትን ጊዜ ያስታውሳል። እናቴ ቋንቋውን አታውቅም። ረከቦቱን እንደ ያዘች ጥቂት ዝም ብላ «ይህስ የነሱ ትዝታ ነው» አለች። ከዚያም አያቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አያቴ ልጅነት አጫወተችኝ፤ እስከ እኩለ ሌሊትም ተቀመጥን። እስከዚያች ማታ ድረስ እኔ ስለ እርስዋ ስል፣ እርስዋም ስለ እኔ ስትል ኀዘናችንን ተደባብቀን ኖረናል።

ስለዚህ ለእናቴ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ልብን የሚያደክመው የኀዘን ዜማ ሳይሆን ኀዘንን ለብቻ መሸከም ነው። መልካም ዜማ የታፈነውን አውጥቶ ለሰው እንድንናገር ያደርገናል። ይሁን እንጂ ዜማ የሰውን ቦታ አይተካም። ጓደኞቼ ሆይ፤ ሳምንታት አልፈው ልባችሁ ያልቀለለላችሁ እንደ ሆነ፣ ማዳመጫውን ከጆሯችሁ አውጡና ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለምታምኑት መምህር ንገሩ። ወላጆችም ልጃችሁ የተከዘ ዘፈን ሲሰማ ብታገኙት፣ ከመቈጣታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው አብራችሁት ስሙለት።